ስለ ደጃዝማች ወንድወሰን ካሣና አስከሬን ስለሌለው ለቅሶ
(በቅሬያችን ዓመታዊ ጉባኤ የተነገረ)



በጦርነት ስለወደቁ ስለ አንድ የአገራችን ሰው ጥቂት ለመናገር ተነሥተናል። ነገሩ የጥንት ታሪክ ብቻ ስላልሆነ ቡናው እስኪደርስ በትዕግሥት አድምጡን።

ደጃዝማች ወንድወሰን የልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ ልጅ ናቸው። ራስ ካሣ በአባታቸው የላስታ ዘር ስለሆኑ ለእኛ ባዕድ አይደሉም። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ስትወረን የራስ ካሣ ሠራዊት በተምቤን ግንባር ተሰለፈ። ከላይ አይሮፕላን፣ ከዚያም የመርዝ ጋዝ፤ መቼም ጎራዴና አሮጌ ጠመንጃ ይዞ የመጣ ሰው ይህን በምን ይመክተዋል? በየካቲት ተምቤን ላይ፣ መጋቢት 22 ቀን ደግሞ ማይጨው ላይ ድሉ የጠላት ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱም ሲያፈገፍጉ በሚያዝያ ወደዚሁ ወደ ላሊበላ መጥተው ጸሎት አድርሰዋል።

ከዚያ እሳቸውም ራስ ካሣም ተሰደዱ። ወንድወሰን ግን በላስታ ቀርተው ጠላትን ተዋጉ። ዕድሜያቸው ገና በሠላሳዎቹ መግቢያ ነበር። የኢጣልያ ጦር እያሳደደ በተከዜ ምንጭ አካባቢ ካሉት ዋሻዎች አስወጥቶ ያዛቸው፤ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በደብረ ዘቢጥ አጠገብ ተገደሉ። ዋሻ ለላስታ ሰው መጠጊያው ነው፤ ይምርሐነ ክርስቶስም የተሠራው በዋሻ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ግን ዋሻውም አላዳነም። በዚያው ወር ወንድሞቻቸው አበራና አስፋ ወሰን ምሕረት አላችሁ ተብለው እጃቸውን ቢሰጡ ፊቼ ላይ ተገደሉ። እንግዲህ አስቡት፤ አባት በሰው አገር ተቀምጦ በአንድ ወር የሦስት ልጅ መርዶ! ከወንዶቹ የተረፈው አሥራተ ብቻ ነበር፤ እሱንም ኅዳር 1967 ዓ.ም. ወሰደው። ያ ሌላ ታሪክ ነው።

የወንድወሰንን ስም የጻፈ ሰው ተገኝቷል፤ የመኳንንት ልጅ ናቸውና። ስንቅ ተሸክሞ፣ በቅሎ ስቦ አብሯቸው ዋሻ የገባውን የገበሬ ልጅ ግን ማን ጻፈው? እናቱስ በምን አለቀሰችው? የቀድሞ ሰዎች ለዚህ መላ ነበራቸው። አስከሬን ከሌለ የሟቹን ልብስና ጠመንጃ አውጥተው፣ ፈረስ ካለው ፈረሱን አቁመው፣ አልቃሿ ሙሾ እያወረደች ያለቅሱለት ነበር። ሬሳ የለም ብሎ ለቅሶውን የከለከለ ዳኛ አልነበረም።

ይህን ያነሣነው በምክንያት ነው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ከተማችን መጣ። ከየቤቱ ወጥተው ያልተመለሱ ልጆች አሉ፤ ሌሊት ገስግሰን መርዶ የነገርንባቸው ደጆች አሉ። ደንባችን ግን ገንዘብ የሚከፍለው "ለቀብር" ነው፤ ቀብር የሌለው ቤት ታዲያ ምን ይሁን?

እኛ የምንለው ይህ ነው። መርዶ የተረዳ ቤት እንደ ቀብር ቤት ይቆጠር፤ ጥሩንባው ይነፋ፣ ድንኳኑ ይተከል፣ ንፍሮውም ይቀቀል። ለማስረጃ አብረውት የነበሩ የሁለት ሰዎች ቃል ይበቃል። ከማን ወገን ተሰልፎ ሞተ የሚል ጥያቄ በለቅሶ ቤት አይነሣ፤ የአባላችን ልጅ ነው፣ በቃ።

አንድ ነገር ቀረ። "ልጄ አልሞተም" ብላ የምትጠብቅ እናት ካለች ማንም አያስገድዳት። ድንኳኑ ይቆያት፣ ገንዘቡም እስክትፈቅድ ድረስ በስሟ ይቀመጥ። እጅ የሚወጣው ሒሳቡ ከተነበበ በኋላ ስለሆነ ቶሎ አትበተኑ።