ጣሳው ውስጥ ያለው ስኳር

እሷ፦ እስቲ ከጣሳው እንነሳ። 330 ሚሊ ሊትር የምትይዘው የኮካ ኮላ ጣሳ 35 ግራም ስኳር አላት፤ በሻይ ማንኪያ ቢሰፈር ወደ ዘጠኝ ይጠጋል። የብሪታንያ የጤና አገልግሎት ከ7 እስከ 10 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ24 ግራም የተጨመረ ስኳር እንዳያልፍ ይመክራል።

እሱ፦ አንዷ ጣሳ የዛሬውን ጨርሳ ከነገውም ተበደረች በይኛ!

እሷ፦ አዎ። ብሪታንያ ታዲያ ወላጅን ከመቆጣት ይልቅ ፋብሪካውን ያዘች። በሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. በ100 ሚሊ ሊትር 8 ግራምና ከዚያ በላይ ስኳር ያለበት ለስላሳ በሊትር 24 ፔንስ፣ ከ5 እስከ 8 ግራም ያለበት ደግሞ 18 ፔንስ ግብር ተጣለበት። ብልሃቱ እርከኑ ላይ ነው፤ ስኳር የቀነሰ ከግብሩ ያመልጣል። ዕቅዱ ሁለት ዓመት ቀድሞ በመነገሩ ብዙ አምራቾች ግብሩ ሳይጀምር የመጠጣቸውን ቅንብር ለወጡ።

እሱ፦ እሱስ ይሁን። ልጆቹ ላይ ምን ታየ?

እሷ፦ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች በ2023 ባወጡት ጥናት፣ ከ10 እስከ 11 ዓመት ባሉ ሴት ተማሪዎች መካከል ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ ግብሩ ባይኖር ይደርስበታል ተብሎ ከተገመተው በ8 በመቶ አንሶ ተገኘ። በወንዶቹ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ የለም።

እሱ፦ ብስኩትና ቸኮሌቱን ይህ ግብር አልነካውማ!

እሷ፦ አልነካም፤ ንጹሕ የፍራፍሬ ጭማቂንም እንዲሁ። ወላጆች፣ ከመግዛታችሁ በፊት ጣሳውን አዙራችሁ የስኳሩን ግራም አንብቡ።