የአፈርን ውኃና ጨው ስለሚለኩ መሣሪያዎች
(በትምህርት ቤታችን የበዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ዛሬ ልናስረዳችሁ የመረጥነው ነገር፥ አፈር ምን ያህል ውኃና ጨው እንደ ያዘ በኤሌክትሪክ ስለሚለኩ መሣሪያዎች ነው። ገበሬ አባቶቻችን አፈሩን ጨብጠው በጣታቸው እያሹ እርጥበቱን ያውቃሉ፤ ይህም የሚናቅ ዕውቀት አይደለም። ነገር ግን እጅ ከሥር ያለውን አያይም፤ ጨውንም አይለይም።

የመሣሪያዎች ሁሉ ዳኛ ሚዛንና ምድጃ ነው። ይኸውም እርጥቡን አፈር መዝኖ፥ በ105 ዲግሪ ሙቀት 24 ሰዓት አድርቆ፥ እንደ ገና መመዘን ነው፤ የጎደለው ክብደት ውኃው ነው። ዘዴው እውነተኛ ቢሆንም አንድ ቀን ስለሚፈጅ፥ ፈጣን መሣሪያ ተፈለገ።

መጀመሪያ ያየነው ሁለት ጥርስ ያለው ሹካ መሰል ርካሽ መሣሪያ ነው። በጥርሶቹ መካከል ኤሌክትሪክ በቀላሉ ካለፈ «እርጥብ ነው» ይላል። በሁለት ጣሳ እኩል አፈርና እኩል ውኃ አድርገን፥ በአንደኛው አንድ ማንኪያ ጨው ጨመርን። መሣሪያው ጨው ያለበትን ጣሳ «የበለጠ እርጥብ ነው» አለን። በሁለቱም የበቀለ ባቄላ ብንተክል ግን፥ ጨው ባለበት ያለው በውኃ መካከል ሆኖ ጠወለገ፤ ጨው ውኃውን ስለሚይዝበት ሥሩ ሊስበው አልቻለምና። ይህን መሣሪያ ያመነ ገበሬ፥ እህሉ ተጠምቶ ሳለ ጠግቧል ይላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት አፈሩ የኤሌክትሪክ ኃይልን የማከማቸት ችሎታውን ይለካል። ይህ ችሎታ በአየር 1፥ በደረቅ አፈር 4 ያህል፥ በውኃ 80 ያህል ስለ ሆነ፥ ጥቂት ውኃ እንኳ ቢጨመር በግልጥ ይታወቃል። ጨው ካልበዛ ብዙ አያሳስተውም። ነገር ግን የሆለታ ዋልካ በበጋ ሲሰነጣጠቅ በመሣሪያውና በአፈሩ መካከል አየር ይገባል፤ ቁጥሩም ከእውነተኛው በታች ይወርዳል። ስለዚህ ለቀዩ አፈርና ለዋልካው ልዩ ልዩ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው በጂፕሰም የተሸፈነ ነው። የሚነግረን የውኃውን ብዛት ሳይሆን፥ ሥር ውኃውን ለመሳብ ምን ያህል እንደሚደክም ነው። በአውስትራሊያ የተሠራውና ካሜሊዮን የሚባለው ሰማያዊ ሲያበራ እርጥብ፥ አረንጓዴ ሲያበራ መካከለኛ፥ ቀይ ሲያበራ ደረቅ ማለቱ ነው፤ ፊደል ያልቆጠረም ሰው ይረዳዋል። በአማራ ክልል በቆጋ መስኖ ገበሬዎች ሞክረውታል።

ጨውን ለመለካት ደግሞ፥ አፈሩ በውኃ ከራሰ በኋላ የተጣራው ውኃ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ኃይሉ ይታያል። 4 ዴሲሲመንስ በሜትር ከደረሰ አፈሩ ጨዋማ ይባላል። በአንድ ዲግሪ ሙቀት ቁጥሩ 2 በመቶ ያህል ስለሚለወጥ፥ የጠዋትና የቀትር ልኬት ሳይታረም አይነጻጸርም።

«ሆለታ ዝናብ የጠገበ አገር ነው፤ ጨው ምን አገባን?» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፥ ዝናባችን ጨውን ያጥባል። ነገር ግን የሆለታ ወንዝ ከአዋሽ ይቀላቀላል፤ አዋሽም ወርዶ በአፋር የአሚባራን እርሻ ያጠጣል። በዚያ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከመጠን በላይ በመጠጣቱ የከርሰ ምድር ውኃ ከፍ አለ፤ ጨውንም ወደ ላይ አወጣ፤ ብዙ የጥጥ ማሳም ተተወ። ያ መሬት የጠፋው በውኃ ማጣት ሳይሆን ውኃን ባለመለካት ነው። ከመካከላችን ነገ እዚያ የሚሠራ ይኖራል።

እንግዲህ የተማርነው ይህ ነው፤ «የትኛው መሣሪያ ይበልጣል?» ከማለት በፊት «ይህ መሣሪያ የሚሳሳተው በምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ፥ መልሱንም በሚዛንና በምድጃ መመርመር ነው። ወላጆቻችን ሆይ፤ እያንዳንዳችሁ ከማሳችሁ አንድ ጣሳ አፈር ብትልኩልን፥ ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ታናናሾቻችን የአካባቢያችንን ሠንጠረዥ ጀምረን እንሄዳለን።