ዘፈኑን ወደድነው፣ ባለቤቱን ግን አወቅነው ወይ?

(ጅጋ ላይ ለተሰባሰቡ ወጣቶች የቀረበ ንግግር፤ መምጣት ላልቻላችሁ እንዲደርሳችሁ ሙሉ ቃሉ እነሆ)

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዘፈን ነው። «ይሄ ሁሉ ጉዳይ እያለ ስለ ዘፈን?» የሚል ይኖራል። እሺ፣ ታገሱኝና ስጨርስ ፍረዱ።

በመጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ሰሞኑን ከወጡት ዘፈኖች ውስጥ ደጋግማችሁ የሰማችሁትን አንዱን አስቡ። ዘፋኙን ታውቃላችሁ። የክሊፑን ልብስም፣ የዳንሱን እርምጃም ታውቃላችሁ። ግጥሙን ማን ጻፈው? ዜማውን ማን ደረሰው? ማን አቀናበረው? ማሲንቆውን የመታው ማነው? እዚህ ላይ አብዛኞቻችን ዝም እንላለን። እንግዲህ የዛሬው ነገሬ ይቺ ዝምታ ናት።

አንድ ዘፈን እጃችን ስልክ ላይ እስኪደርስ ድረስ ቢያንስ አራት ሰው ያልፍበታል፦ ገጣሚው፣ ዜማ ደራሲው፣ አቀናባሪው፣ ዘፋኙ። አንዳንዴ አንድ ሰው ሁለቱን ሦስቱን ደርቦ ይሠራል፤ ቴዎድሮስ ካሳሁን፣ ቴዲ አፍሮ፣ ግጥምና ዜማውን ራሱ እየሠራ እንደሚዘፍነው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሥራው የብዙ ሰው ነው። ይልማ ገብረአብን ውሰዱ። አባቶቻችንና እናቶቻችን በካሴት ዘመን ያለቀሱባቸው፣ የተዳሩባቸው የስንቱ ዘፈን ግጥም የሱ ነው። አበበ መለሰን ውሰዱ፤ ስንቱን አንጋፋ ዘፋኝ ያስወደደው የሱ ዜማ ነው። መንገድ ላይ ቢያልፉ ግን ከመካከላችን ዘወር ብሎ የሚያያቸው ስንት ሰው ነው?

ኤልያስ መልካን አስታውሱ። የዘሪቱ ከበደን የመጀመሪያ አልበም፣ የእዮብ መኮንንን «እንደ ቃል» ያቀናበረ ሰው ነው። በአንድ ትውልድ የአማርኛ ሙዚቃ ላይ አሻራው አለ። ኤልያስ በመጨረሻ ዘመኑ ምን ላይ ነበር የደከመው? በ2011 ዓ.ም. ከሙያ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ «አውታር» የሚባል፣ ዘፈን በስልክ እየተገዛ ለባለሙያው ገንዘቡ የሚደርስበት መተግበሪያ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ መስከረም 2012 ዓ.ም. ላይ አረፈ። ሰውየው ዝነኛ ነበር፣ ሥራ ሞልቶለት ነበር። ግን ሙያው ባለሙያውን እንደማያበላ አይቶ ነበርና፣ ዜማ ብቻ ሳይሆን መገበያያ ጭምር ሊሠራ ተነሳ። ይሄን ነገር ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ራሳችን ቀዬ ልምጣ።

እኛ የበርበሬ አገር ሰዎች ነን። ጃቢ ጠህናን ላይ፣ ቡሬ ላይ የሚለቀመው በርበሬ አዲስ አበባ ይወርዳል፣ ይፈጫል፣ በላስቲክ ይታሸጋል፣ የሌላ ስም ይለጠፍበታል። የበላው ሰው ላቡን እየጠረገ «ምን ዓይነት በርበሬ ነው!» ይላል እንጂ የማን ማሳ እንደሆነ አይጠይቅም። የዘፈናችንም ነገር እንደዚሁ ነው። ጎጃም የሰጠው ብዙ ነው፣ የተመዘገበለት ግን ጥቂት ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ሚያዝያ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» የተሰኘ አልበም ወጣ። በቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ፤ ይሄ በአማርኛ ለተዘፈነ አልበም ቀላል ነገር አይደለም። በዚያ አልበም ውስጥ «ማር እስከ ጧፍ» የሚል ዘፈን አለ። መነሻው ምንድን ነው? የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በዛብህ፣ ሰብለ ወንጌል፣ ጉዱ ካሳ የማን ልጆች ናቸው? የጎጃም ናቸው! ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለደበትንና ያደገበትን የጎጃም አገር፣ ደብሩን፣ ባላባቱን፣ ጭሰኛውን በ1958 ዓ.ም. በታተመ መጽሐፍ ጻፈው። ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ተረከው፣ ያላነበበውም ሁሉ ሰማው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ደግሞ ዘፈን ሆኖ ተመለሰ። አያችሁ ሰንሰለቱን? አንድ ሰው ቀድሞ ባይጽፈው ኖሮ ዘፋኙ ምኑን ይዘፍነው ነበር?

ሌላ ልጨምር። ቻግኒ ሩቅ አይደለችም፤ በቡሬ በእንጅባራ በኩል ናት። እጅጋየሁ ሽባባው፣ ጂጂ፣ የተወለደችው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በስሟ የወጣውን አልበም ፕሮዲውስ ያደረገው ቢል ላስዌል ነው፤ እነ ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተር፣ ፋሮህ ሳንደርስ የሚባሉ የዓለም ጃዝ አውራዎች ተጫውተውበታል። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ተሰብስበው ያጀቡት ማንን ነው? የጎጃምን ልጅ ድምፅ! በዚያ አልበም «አባይ» አለ፣ «አድዋ» አለ፣ «ባለ ዋሽንቱ» አለ። ከብት እየጠበቀ ዋሽንት የሚነፋ ልጅ ለእናንተ አዲስ ነገር ነው እንዴ? አይደለም፤ ምናልባት ወንድማችሁ ነው። ጂጂ ያንን ልጅ ሳታፍርበት ዓለም ፊት አቆመችው።

እንግዲህ «ዘመናዊ ሙዚቃ ባህላችንን አጠፋ» የሚል ክርክር ስሰማ ሙሉ በሙሉ አይዋጥልኝም። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ተጫውቷል። ሳክስፎን የፈረንጅ መሣሪያ ነው፣ ሽለላው ግን የኛው ነው፤ የሰማው ሁሉ ደሙ ይፈላል። በ2010 ዓ.ም. ሮፍናን «ነጸብራቅ» የተባለውን አልበሙን ሲያወጣ፣ በኤሌክትሮኒክ ምት ላይ የአገር ቤት ድምፅ እየጫነ ነበር፤ ከተሜው ወጣትም ተቀብሎታል። ኮምፒውተር ባህል አይገድልም። ባህልን የሚገድለው ምንጩ ሲደርቅና ማንም ሳይቀዳው ሲቀር ነው።

ምንጩ ደግሞ የት ነው? እዚሁ ነው። በአረም ጊዜ ደቦ ላይ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። በውቂያ ጊዜ ለበሬው ይዘፈናል። በሠርግ ሴቶቹ ሙሽራዋን ሲሸኙ የሚሉት አለ። ለቅሶ ላይ አልቃሿ በአንድ ስንኝ የሟቹን ዕድሜ ልክ ትነግራችኋለች። ቀረርቶውና ፉከራው ከበላይ ዘለቀ ዘመን አርበኞች አፍ እየተቀባበለ የመጣ ነው። ይሄን ሁሉ የሚያውቁት ሰዎች ዕድሜያቸው ስንት ነው? ሰባ፣ ሰማንያ። አንድ አዛውንት ባረፉ ቁጥር አንድ አልበም ሙሉ ዜማ አብሮ ይቀበራል። ማንም አይቆጥረውም፣ «ዛሬ ይሄ ዘፈን ሞተ» ብሎ የሚያረዳን የለም።

አንድ ዘፋኝ ከዚህ ምንጭ ቀድቶ ዘፈን ቢያወጣ ደግሞ፣ ዜማው ምን ተብሎ ይጻፋል? «የሕዝብ»። ሕዝብ ማለት ማነው? እውነት ነው፣ ስንቱ ዜማ ከአያት ከቅድመ አያት ሲወርድ የመጣ፣ የማንም ብቻ ያልሆነ የሁላችን ሀብት ነው። ያንን መዝፈን ነውር የለበትም፣ ይበል ነው። ግን «የሕዝብ» ከተባለው ውስጥ፣ ከሃያ ዓመት በፊት አንዲት የገጠር ሴት ከራሷ ልብ ያወጣችው ቢኖርበትስ? በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ አለ፤ ቁጥር 410/1996። አንድ ደራሲ በሕይወት እስካለ፣ ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት የሥራው መብት ይጠበቅለታል ይላል። በኋላም ተሻሽሏል፤ ባለሙያዎች በጋራ ማህበር አማካይነት ሮያሊቲ የሚሰበስቡበት መንገድ ተበጅቷል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ሕጉ ደጃፍ የሚቆመው ስም ይዞ የመጣ ሰው ነው። ስሟ ያልተጻፈ፣ ድምጿ ያልተቀዳ ሴት ምን ይዛ ትከሰስ፣ ምን ይዛ ትጠይቅ?

አሁን ደግሞ ራሳችንን እንውቀስ። ለዘፈን እንሞታለን፣ ለዘፋኝ ግን ክብር የለንም። ማሲንቆ የያዘው ሰው ሲገባ እናጨበጭባለን፣ ግንባሩ ላይ ብር እንለጥፋለን፤ ልጃችን «ዘፋኝ ልሁን» ስትል ግን «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ብለን እናሸማቅቃታለን። ሴት ልጅ ከሆነች ስድቡ ይብሳል። በጠላት ወረራ ዘመን አርበኛውን ሲያነቃ የነበረው፣ የፈሪውን ስም አውጥቶ የጀግናውን ስም ያነገሠው አዝማሪ ነው። እንዴት ነው ለታሪካችን የምንኮራበትን ሰው ለቤተሰባችን የምናፍርበት?

ሌላም ጉድ አለብን። ዘፋኙ ስለ አገር ሲዘፍን «የኛ ነው» እንላለን፤ በወሩ ስለ ፍቅር ሲዘፍን «ሸጠን» እንላለን። ኧረ ተው! ሰው እንዴት ዓመቱን ሙሉ ሲፎክር ይኖራል? ፍቅርም የኛ ነው፣ ትዝታም የኛ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው እንላለን፤ እነ ዋሸራን፣ እነ ጎንጅን፣ እነ ዲማን እየጠራን እንኮራለን። የቅኔ አገር ልጅ መፈክር ብቻ አይፈልግም፤ ሰሙን አልፎ ወርቁን ይፈልጋል። መፈክሩ ልክ ስለሆነ ብቻ ደካማን ግጥም ማድነቅ ራሱ ግጥምን መበደል ነው። ሌላውን ሕዝብ የሚሰድብ ዘፈንም ዜማው ምንም ቢጥም አታጋሩት። ወገንን መውደድ ሌላውን ማዋረድ ከሆነ እሱ ፍቅር ሳይሆን በሽታ ነው።

ዘፈን ኃይል እንዳለው ማንም ሊነግረን አይገባም። ነሐሴ 28 ቀን 2009 ዓ.ም. የ«ኢትዮጵያ» አልበም ምርቃት አዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ሊደረግ ሲል በፖሊስ ተከለከለ። ጥር 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ ባሕር ዳር ስታዲየም ላይ ያው ዘፋኝ ኮንሰርቱን አቀረበ፤ ሜዳው ሞላ። ዘፈን ሰውን እንዲህ የሚሰበስብ ከሆነ፣ ማንን ለምን እንደሚሰበስብ ማሰብ የኛ ፈንታ ነው።

እሺ፣ ምን እናድርግ? አራት ነገር ይዛችሁልኝ ሂዱ። አራቱም ገንዘብ የማይፈልጉ፣ ቢፈልጉም ከአንድ ካርድ የማያልፉ ናቸው።

አንደኛ፣ አዲስ ዘፈን ሲወጣ ከባለቤቱ ቻናል ስሙት። አንዱ አውርዶ መልሶ የጫነውን ስታዩ፣ እይታውም ገቢውም የሚሄደው ለጫነው ሰው ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶብን ሳለ ዘፈን በሜሞሪ፣ በብሉቱዝ ነበር የሚዞረው፤ ያ ጊዜ ግድ ብሎን ነው። መስመር ሲኖር ግን ሰበብ የለንም። ኤልያስ መልካ የደከመለት ነገር ይሄው ነው።

ሁለተኛ፣ ስታጋሩ ስም ጻፉ። «ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ» በሉ። ሁለት መስመር ናት። ዛሬ ስሙን ያየ ልጅ ነገ «እኔም ግጥም ልጻፍ» ይላል፤ ዘፋኝ ብቻ ሳይሆን ገጣሚና አቀናባሪ መሆንም እንደሚቻል ያውቃል።

ሦስተኛ፣ አያቶቻችሁን ቅዱ። ስልካችሁ መቅጃ አለው። መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ፤ «እማማ፣ ይሄን ዘፈን ልቅዳልዎት?» በሉ። ስማቸውን፣ ቀበሌያቸውን፣ ቀኑን፣ ከማን እንደተማሩት በራሳቸው አንደበት ይናገሩ። ከዚያ ቲክቶክ ላይ ለመጫን አትሩጡ። ይለቀቅ ካሉ ይለቀቃል፤ አይለቀቅ ካሉ በቤተሰብ ይቀመጣል። ሁለት ቦታ አስቀምጡት፣ ስልክ ይሰበራልና። እንዲህ የተቀዳ ድምፅ ነገ ለዘፋኙ ምንጭ፣ ለባለቤቷ ደግሞ ማስረጃ ነው።

አራተኛ፣ በመካከላችን ያለውን ልጅ አታሸማቅቁ። ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ላይ የምትዘፍን፣ ደብተሯ ጀርባ ላይ ግጥም የምትጽፍ ልጅ አለች። አዲስ አበባ ሄዳ፣ ስም አውጥታ፣ ክሊፕ ሠርታ ስትመጣ ብቻ «የኛ ልጅ» አንበላት። ዛሬ ነው የኛ መሆኗን መንገር። ግጥሟ ደካማ ከሆነም በፍቅር እንንገራት፤ ማሞካሸት ብቻ ልጅ አያሳድግም።

ጓዶች፣ ወንድሞች፣ እህቶች፦ ማንነት በጩኸት ብቻ አይጠበቅም። ስም በመጻፍ፣ ድምፅ በመቅዳት፣ ለሠራ ሰው የሠራበትን በመስጠትም ይጠበቃል። የሚቀጥለው ስብሰባችን ላይ እያንዳንዳችሁ አንድ የተቀዳ ዜማ ከነባለቤቱ ስም ይዛችሁ እንድትመጡ አደራ እላለሁ። ባዶ እጁን የሚመጣ አይኑር።

ሰላም ለአገራችን!