ስለ መገጣጠሚያ ቁርጥማትና ስለሚያስከትለው ድካም

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ቁርጥማት በሽታ ጥቂት እንድንናገር ኮሚቴው ስለ ፈቀደልን እናመሰግናለን። እኛ ሐኪም አይደለንም። ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ጨርሰን በጡረታ ላይ የምንገኝ ነን። በሽታው ግን በእጃችን ገብቶ ብዙ ዓመት ስለ ተቀመጠ፣ ከሐኪም የሰማነውንና በገላችን ያየነውን ለመናገር እንደፍራለን።

በኛ አገር መገጣጠሚያውን ያመመው ሰው ሁሉ «ሪህ ይዞት ነው» ይባላል። በድሬዳዋ ደግሞ ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ «ቺኩንጉንያ ትቶበት የሄደው ነው» ማለት ተለምዷል። ሐሰት አይደለም፤ ያን ክረምት በቀን በምትናከስ ትንኝ የሚተላለፈው ይህ በሽታ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የከተማችንን ሕዝብ አልጋ ላይ ጥሏል። ትኩሳቱ ከለቀቀም በኋላ የመገጣጠሚያ ሕመሙ በአንዳንዱ ላይ ለወራት ከርሟል።

ዛሬ የምናነሳው ግን ከዚያ የተለየ ነው። ሐኪሞች ሩማቶይድ አርትራይተስ ይሉታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከበሽታ እንዲጠብቀን የተሰጠን የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የራሳችንን መገጣጠሚያ እንደ ጠላት ሲወጋ የሚመጣ ነው። ዘበኛው ዞሮ ባለቤቱን እንደ መደብደብ ማለት ነው። ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ይበዛል። የእጅ ጣትና አንጓ በግራም በቀኝም ያብጣል፤ ጠዋት ሲነሱ እጅ ለአንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይደርቃል፤ ሳምንታት ቢያልፉም አይለቅም። እንዲህ ያለ ምልክት ያየ ሰው «ብርድ ነው» ብሎ አይቀመጥ። ከመልካ ጀብዱ ጤና ጣቢያ ይጀምር፣ ካስፈለገም ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ያስጽፍ። ሕክምናው ከዘገየ አጥንቱ ይበላል፣ የተጣመመ ጣትም ወደ ቦታው አይመለስም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ያበጠ እጅ ለሰው ይታያል፤ ድካሙ ግን አይታይም። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት፣ ብግነቱ ኃይለኛ ጉንፋን እንደ ያዘው ሰው ገላን ያዝላል፤ በዚያ ላይ ደም ማነስ ይከተላል፤ ሕመሙም ሌሊት እንቅልፍ ይነሳል። ስለዚህ ሰውዬው ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ፣ ጆንያ ሲሸከም ያደረ ይመስል ዝሎ ይነሳል። ታዲያ ያየው ሁሉ «ምን ሠርቶ ደከመው?» ይላል።

የኛ አገር ሙቀት ደግሞ ነገሩን ያከፋዋል። ድሬዳዋ ሥራዋን የምትሠራው በማለዳው ቀዝቃዛ ሰዓት ነው፤ ቀትር ላይ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰውም ያርፋል። እኛን ግን በማለዳው ሰዓት እጃችን አይታዘዘንም፤ እጃችን ሲፈታ ፀሐዩ ይበረታል። የሚቀረን በሁለቱ መካከል ያለችው ትንሽ ጊዜና አመሻሹ ብቻ ነው። ስለዚህ ኃይላችንን እንደ መሥሪያ ቤት በጀት መያዝ ግድ ሆነብን። ዛሬ ልብስ ከታጠበ ገበያው ለነገ ይተላለፋል። ደህና በዋልንበት ቀን ያለውን ሁሉ ብናጠፋ፣ ዕዳውን ሁለትና ሦስት ቀን አልጋ ላይ እንከፍላለን። እንዲሁ ተኝቶ መክረምም ጉልበት ይበላል፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መራመድ፣ ጠዋት ጣትን በሞቅ ያለ ውሃ ማፍታታት ይረዳል። ጫት ቅሞ ድካሙን የሚሸኝም አለ። ጫት ድካሙን ለጥቂት ሰዓት ቢሸፍነው ነው፤ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ወስዶ በማግሥቱ ከነወለዱ ይመልሰዋል።

ስለ መድኃኒትም አንድ ነገር እንበል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ዶክተር ፊሊፕ ሄንች የተባሉ አሜሪካዊ ኮርቲዞንን ለአንዲት የዚህ በሽታ ሕመምተኛ ቢሰጡ፣ መንቀሳቀስ ያቃታት ሴት በጥቂት ቀን ተራመደች። በ1950 ከሁለት ሌሎች ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ቆይቶ ግን መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የሚያደርሰው ጉዳት ታየ። የሱ ዘመድ የሆነውን ፕሬድኒሶሎን ዛሬ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝቶ የሚውጥ አለ። አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ያነሳል፤ የለመደ ሰው በድንገት ቢያቆመውም አደጋ አለው። ሜቶትሬክሴት የሚባለው ደግሞ ለዚህ በሽታ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው። በየቀኑ የወሰደው ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላልና ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ያሏችሁ ልጆች ቀኑን ቆጥራችሁ ስጧቸው።

በመጨረሻ ጉዳዩ ዕድራችንን ይነካል። ጡሩምባ ሲነፋ ድንኳን የሚተክል፣ አግዳሚ የሚሸከም፣ ትልቁን ድስት የሚያነሳ ያስፈልጋል። ያን ቀን እጁ ያልታዘዘለት አባል ቅጣቱንም ሐሜቱንም ፈርቶ ቀስ በቀስ ከለቅሶ ቤት ይቀራል። ለሰው ለቅሶ ያልደረሰ ደግሞ ለራሱ ቀን ማን ይደርስልኛል ብሎ ይፈራል። ከሕመሙ የባሰው ይህ ነው፤ ዕድር የተቋቋመውም ሰው ብቻውን እንዳይሆን ነው እኮ!

ስለዚህ ጠቅላላ ጉባኤው እንዲመክርበት የምናቀርበው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሐኪም ወረቀት ያለው አባል በሸክም ተራ ባለመገኘቱ ቅጣት አይጣልበት። ሁለተኛ፣ ሥራው ይቀየርለት፤ ስም ይመዝግብ፣ ስልክ ይደውል፣ ዕቃ ይቁጠር፣ ከሐዘንተኛው ጎን ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ አዳር ቀርቶለት የቀኑን ተራ ይያዝ። ከሥራ ይፍቱን አላልንም፤ በምንችለው ያሠሩን ነው ያልነው።

 ጤናውን ለሁላችን ያድለን።