መሪ ከመያዝ በፊት፦ በሲኒማ ራስ የሁለት ትውልድ ሾፌሮች
(ለሰበካ ጉባኤያት አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ የምክክር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ)



ማለዳ በሲኒማ ራስ በኩል የሚያልፍ ሰው ሁለት ዓይነት ሾፌሮችን ጎን ለጎን ያያል። አንደኛው አይሱዙውን አቁሞ ጫኝና አውራጆች የሚያነሡትን ካርቶን በዓይኑ የሚከተል፣ ጸጉሩ የሸበተ አባት ነው። ሁለተኛው የራስ ቁሩን ሳያወልቅ ስልኩን የሚመለከት ሞተረኛ ነው። የተሰጠኝ ርእስ የወጣቶች የሥራ ዕድል ቢሆንም ከእነዚህ ከሁለቱ መጀመርን መረጥሁ።

የቀድሞው ሾፌር ሙያውን የጀመረው ከመሪው ሳይሆን ከጭነቱ ነው። በነኤን ትሬ ፊያት ዘመን ረዳት ሆኖ ታኮ ያስገባል፣ ሸራ ያለብሳል፣ ገመድ ያስራል፣ ጎማ ይፈታል። ከባዱ ዕቃ ከታች እንደሚሆን፣ ስኳር ከሳሙናና ከጋዝ ጋር እንደማይጫን፣ ባሌስትራው ሲጮኽ ጭነቱ ወዴት እንዳጋደለ የሚያውቀው ከዚያ ነው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ የሚሉት ቃላት ከጣልያንኛ መጡ፤ የመርካቶም ስም እንዲሁ ነው። በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደዚህ ተዛወረ።

እኛ የአብነት ትምህርት ቤት ልጆች ይህ አያስደንቀንም። ዜማም የሚያዘው ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ፣ እየሰሙና እየተሳሳቱ ነው። ሆኖም ረዳትነትን አላስውበውም፤ ብዙዎች ያለ ደመወዝ አገልግለዋል፣ ከመኪና ሥር አድረዋል፣ ጥፊም ቀምሰዋል።

የወጣቱ ሙያ ደግሞ በቀላሉ አይታይም። መንገዱ በስም፣ ቤቱም በቁጥር በማይፈለግባት ከተማ፣ አንጋፋው ሾፌር ምን አለሽ ተራንና ቦምብ ተራን በቃሉ ያውቃል፤ ወጣቱ ግን ሄዶበት የማያውቀውን ሰፈር በካርታና በስልክ ጥሪ ያገኘዋል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ሒሳቡም በስልክ ገብቷል። ሸቀጡንም ገንዘቡንም የያዘው እርሱ ነውና ታማኝነቱ በቀን አሥር ጊዜ ይፈተናል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የሞተር እንቅስቃሴ በአዲስ አበባ ሲታገድ፣ የከባድ መኪናም የቀን ጉዞ ሲገደብ፣ ሁለቱም ትውልድ በአንድነት ተጨንቋል። በኋላ ፈቃድ ይዞ የተመለሰው ሞተረኛ፣ ደንብን አንብቦ መሥራትንም ከሙያው ቆጥሮታል።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። የአንድ ሥልጠና ዕቅድ ስጽፍ የመንዳት ትምህርት፣ የስልክ አጠቃቀም፣ የደንበኛ አያያዝ አስገባሁ፤ ስለ ጭነት ግን አንድ መስመር አልጻፍሁም። ከሠልጣኞቹ አንዱ ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት የዘይት ጄሪካኖች ከኋላው ከፍ አድርጎ አሰረ። ቁልቁለት ላይ ጭነቱ ተንሸራተተ፤ ልጁ ወደቀ፣ ክንዱም ተሰበረ። ሊጠይቁት ከመጡት መካከል የሰፈሩ አንጋፋ ሾፌር ነበሩ።

«ማን አሰረልህ ልጄ?» አሉት።

«እኔው ነኝ፣ አባባ።»

እርሳቸው መሪ ከመያዛቸው በፊት ሁለት ዓመት ገመድ ብቻ ማሰራቸውን ነገሩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ የመኪናው ባለቤት ትእዛዝን በስልክ የሚቀበል ሾፌር ስለፈለገ ሥራ መፍታታቸውን አጫወቱኝ። አንዱ ከጎደለው ሌላው ነበረው፤ የሚያገናኛቸው ግን አልነበረም።

ስለዚህ ለሥልጠና ወጣት ስትመርጡ፣ ከአጥቢያችሁ አንድ አንጋፋ ሾፌርም አብራችሁ ላኩልን። ጭነት እርሳቸው ያስተምሩ፤ ስልኩን ወጣቱ ያሳያቸው። ለጽድቅ ነው ብለንም በነጻ አንጠይቃቸው፤ የአሠልጣኝ አበል ይከፈላቸው። ትዕግሥት የሌለው አንጋፋም አለና ምርጫው በጥንቃቄ ይሁን፤ መሳደብን ከሙያ የሚቆጥር ሰው ልጆቹን በሦስት ቀን ይበትናቸዋል።

በሚቀጥለው ዙር የመመዝገቢያ ቅጽ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ ጨምሬያለሁ። የልጁ ክንድ ድኗል። ወደ ሞተሩ ገና አልተመለሰም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲኒማ ራስ አጠገብ ከእኒያ አባት ጋር ገመድ ያስራል። እርሳቸውም ካርታ መክፈት ጀምረዋል፤ መነጽራቸውን ግን ሁልጊዜ ቤት ይረሱታል።