አጥንትም ሥራ ይፈልጋል

«እማማ፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ እኛ እናነሳዋለን» እንላለን፤ በፍቅር ነው። አጥንት ግን ጫና ሲያጣ ይሳሳል። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ፣ ከሚገነባው አጥንት የሚፈርሰው ይበልጣል። ጡንቻ ሲጎትተው፣ ክብደት ሲያርፍበት ግን በውስጡ ያሉት ሕዋሳት ጫናው ይሰማቸዋል፤ ግንባታውም ይነቃቃል።

በአውስትራሊያ የግሪፊዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ58 ዓመት በላይ የሆነ፣ አጥንታቸው የሳሳ 101 ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። አንደኛው ቡድን ለ8 ወራት፣ በሳምንት 2 ጊዜ፣ ለ30 ደቂቃ አሠልጣኝ እየተከታተለው ከባድ ክብደት አነሳ። የወገባቸው አጥንት ጥግግት በአማካይ 2.9 በመቶ ጨመረ። ቤታቸው ቀለል ያለ እንቅስቃሴ የሠሩት ግን 1.2 በመቶ ቀነሰባቸው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ለእኔ ትልቅ ነው፤ በዚያ ዕድሜ መሳሳቱ ቢገታ እንኳ ደስ ባለን ነበር!

ከባድ ክብደት ግን ያለ አሠልጣኝ አይጀመርም። አጥንቷ ተሰብሮ የሚያውቅ እናት ደግሞ አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር። እጅን ሳይደገፉ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ደረጃ መውጣት፣ ግድግዳ ይዞ በአንድ እግር መቆም ለብዙዎች ጥሩ ጅማሬ ነው። ይህ የመጨረሻው ሚዛን ለመጠበቅ ይረዳል፤ የዳሌ ስብራት በአብዛኛው የሚመጣው በመውደቅ ነውና።