ፎርማት ከመደረጉ በፊት



ኮምፒውተሩ ይበራል። ዊንዶውስ ገና ሳይገባ ሲ ድራይቭን ሊፈትሽ ይነሣና «ድራይቩን በቀጥታ መክፈት አልተቻለም» ብሎ ያልፋል። በማግሥቱም ያንኑ ይደግማል። ባለቤቱ ባለሙያ ይጠራል፤ ባለሙያውም «ፎርማት ይደረግ» ይላል። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ይህን ፍርድ ለመቃወም ነው፤ ሌላ ቅጂ የሌለው የተማሪዎች ውጤት፣ የደመወዝ መዝገብ፣ የቤተሰብ ፎቶ በዚህ ችኮላ ሲጠፋ አይቻለሁና።

ሰው የተቀመጠበት ምንጣፍ አይራገፍም፤ ዊንዶውስም እየሠራ ሳለ የተቀመጠበትን ድራይቭ ለጥገና መልቀቅ አይችልም። ስለዚህ የዊንዶውስ የዲስክ መፈተሻ የሆነው ቼክዲስክ ሥራውን ለቀጣዩ ሪስታርት ይቀጥረዋል። ያን ጊዜ የሚሠራው አውቶቼክ የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ማንም ሳያዘው የሚነሣበት ጊዜም አለ፦ መብራት ድንገት ሲሄድ እየተጻፈበት የነበረው ድራይቭ ላይ «ይፈተሽ» የሚል ምልክት ሊቀር ይችላል። ፍተሻው በተሰናከለ ቁጥር ምልክቱ ባለበት ስለሚቆይ በየጠዋቱ ያው ገጽ ይመለሳል።

ታዲያ ድራይቩን ማን ያዘው? ከአውቶቼክ ቀድመው የሚጫኑ ድራይቨሮች አሉ፤ አንዳንድ የአንቲቫይረስ፣ የባክአፕና የዲስክ ማመስጠሪያ ፕሮግራሞች ከዚህ ወገን ናቸው። መልእክቱ ራሱ በቅርቡ የተጫነ ፕሮግራምን ይጠረጥራል፤ በሲስተም ሪስቶር ወደ ኋላ እንድንመለስም ይመክራል። ከሥሩ የሚወጣው ረጅም ኮድ ግን ብዙ ሰው ያስደነግጣል። በ76 የሚጀምረውን ያን ኮድ ሁለት ሁለት እየከፈልን በአስኪ ሰንጠረዥ ብንፈታው «ቮልዩም ነጥብ ሲ» የሚል በሲ ቋንቋ የተጻፈ የፕሮግራም ፋይል ስም እናገኛለን። ኮዱ ስለ ሃርድ ዲስኩ ጤና የሚናገረው አንዳች ነገር የለም፤ ይህን ለባለቤቱ ማስረዳት ግዴታችን ነው።

ከሁሉ በፊት ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። ዲስኩ የሚንቋቋ ድምፅ ካለው ወይም ፋይል ሲከፈት የሚንቀረፈፍ ከሆነ፣ በ«አር» አማራጭ የሚደረገውን ሙሉ ፍተሻ ከግልበጣው በፊት አትሞክሩት፤ እያንዳንዱን ሴክተር ስለሚያነብ ሊሞት የደረሰውን ዲስክ ሊጨርሰው ይችላል። ከዚያ በቅርቡ የገባውን ፕሮግራም አንሡ። አንቲቫይረስን ለጊዜው ማጥፋት ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ድራይቨሩ በመነሻ ላይ ይጫናልና ፕሮግራሙ ራሱ መውጣት አለበት። በሬጂስትሪ ውስጥ «ቡት ኤግዚኪዩት» የተባለውንም መስመር ከጤነኛ ኮምፒውተር ጋር አስተያዩ። በዊንዶውስ 8 እና ከዚያ ወዲህ በመጡት ደግሞ፣ ፋስት ስታርታፕ እንዳያሳስታችሁ፣ ሻት ዳውን ሳይሆን ሪስታርት በሉ።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ፍተሻውን ከድራይቩ ውጭ አድርጉት። የዊንዶውስ መጫኛ ባለበት ፍላሽ አስነሡ፤ የጥገናውን ክፍል፣ ከዚያም ኮማንድ ፕሮምፕትን ክፈቱና ቼክዲስክን በ«ኤፍ» አማራጭ እዘዙ። እዚያ ሲ የነበረው ድራይቭ ዲ ሆኖ ሊታይ ስለሚችል፣ ከማዘዛችሁ በፊት ውስጡን ዘርዝራችሁ የዊንዶውስ ፎልደር መኖሩን አረጋግጡ።

በቼክ ኤንቲኤፍኤስ ትእዛዝ የ«ኤክስ» አማራጭ ፍተሻውን ዝም አሰኝቶ «ተሠርቷል» ብሎ ማስረከብ ግን ባለቤቱን ማታለል ነው። የፋይል ሲስተሙ ጉዳት እንዳለ ነው፤ የጠፋው ማስጠንቀቂያው ብቻ ነው።

በመነሻ ላይ የተጠናቀቀ ፍተሻ ውጤቱ በኢቨንት ቪወር ውስጥ በዊንኢኒት ስም፣ በቁጥር 1001 ይመዘገባል። ከፍላሽ ስትሠሩ ግን መጨረሻ ላይ መዝገቡን ማስተላለፍ እንዳልተቻለ የሚገልጽ፣ ስታተስ 50 የሚል መስመር ይመጣል። ፍተሻው ከሽፏል ማለት አይደለም፤ ውጤቱ በኢቨንት ቪወር ውስጥ ስለማይመዘገብ ስክሪኑን ከመዝጋታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሡት። በመጥፎ ሴክተር የተያዘው መጠን ከዜሮ በላይ ከሆነ፣ ፎቶውን ከጥገና ሪፖርቱ ጋር አያይዛችሁ አዲስ ዲስክ እንዲገዛ በጽሑፍ ጠይቁ።